5ኛ ክፍሎችን ድንቅነሽን ልናሳይ ነው፤ ምኑን እናሳያቸው?

ቲቸር ከአዳማ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አዳማ 5ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹን አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ልንወስዳቸው ነው። መኪና ተገኝቷል፣ ወላጆችም ፈርመዋል። አንድ አባት ብቻ «ለአጥንት ነው ይሄ ሁሉ ብር? ሶደሬ ውሰዷቸው» አሉኝ። ሳቅኩ፣ ግን ውስጤ ቀረ። ልጆች ሙዚየም ሲገቡ ምን እንደሚሆን አውቃለሁዋ! የፊቶቹ መስታወቱ ላይ ይለጠፋሉ፣ የመሃሎቹ ይገፋፋሉ፣ የኋላዎቹ የሰው ጀርባ አይተው ይመለሳሉ።

ሁለት ነገር ጨንቆኛል። እዚያ የሚታየው የድንቅነሽ ቅጂ እንጂ ዋናው አጥንት አይደለም። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ደግሞስ ከዚያ ሁሉ ቅሪተ አካል ለልጅ የሚገባው የቱ ነው? 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ስላቸው «ከአያቴም ትበልጣለች?» ያለኝ ተማሪ አለ።

የወንጂው ባዮሎጂ መምህር፦

እህቴ፣ ቁጥሩን ተይውና ጥርስ አሳያቸው። የ5ኛ ክፍል ልጅ ጥርሱ ገና እየተነቃነቀ ነው፤ ከጥርስ በላይ የሚያውቀው ነገር የለም።

ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎችሽ ይበልጧታል። መጀመሪያ «ልጅ ናት ወይስ ትልቅ ሰው?» በያቸው። ልጅ ናት ይሉሻል። ከዚያ ወደ መንጋጋዋ ውሰጃቸው። መጨረሻ ላይ የሚበቅለው ጥርሷ ወጥቷል፣ መበላትም ጀምሯል። ትልቅ ሰው ነበረች ማለት ነው።

ቀጥሎ ሰላምን። በ1993 ዓ.ም. የእነ ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ናት። በዕድሜ ከድንቅነሽ ትቀድማለች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ስትሞት ግን 3 ዓመት ቢሆናት ነው። እንዴት ታወቀ? በስካን ሲያዩዋት ከወተት ጥርሶቿ ሥር ቋሚዎቹ መንጋጋዋ ውስጥ ተደብቀው ነበር። ይሄን ሲሰሙ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። አትከልክያቸው።

የእኛ አካባቢ ልጅ ደግሞ የጥርስ ነገር ሲነሳ ይገባዋል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ስለሆነ ጥርስ ያበልዛል። ወንጂ ያደግን ሰዎች ገና ስንስቅ እንታወቃለን። ጥርስ የት እንደኖርሽና ምን እንደጠጣሽ ይናገራል፤ አጥኚዎቹም ከቅሪተ አካል ጥርስ የሚያነቡት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

አስጎብኚው፦

ቅጂ መሆኑን መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ ንገሪያቸው። እዚያ አንዱ ጎብኚ «ውሸት እኮ ነው» ካለ በኋላ ብትነግሪያቸው ማስተባበያ ይመስላል። ዋናው ለጥንቃቄ ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው።

የድንቅነሽ ቅጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተገኙት ስብርባሪዎች ብቻ ተጋድመው፣ ሌላው የጎደለው ተሞልቶ የቆመ። የተገኘው የአፅሟ 40 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ የቱ የተገኘ፣ የቱ የተሞላ እንደሆነ እየለዩ ይሳሉ። ሥራ የያዘ ልጅ አይገፋፋም። ሁሉንም አንድ ላይ አታስገቢ። ግማሾቹ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እያዩ ይቆዩ፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ለሁለቱም ቦታ ቀድማችሁ የትብብር ደብዳቤ ላኩ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ሶደሬ ያሉትን አባት አንድ ነገር በይልኝ። ሶደሬን አልፎ የሚሄደው አዋሽ ነው አፋር ወርዶ ሐዳር የሚደርሰው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚያው አዋሽ ዳር ነው። ጎረቤታቸው ናት በያቸው 😂

ቲቸር ከአዳማ፦

ጋሼ፣ የጥርሱን ወስጃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቅጂውንም ፈጣን መንገዱ ላይ እነግራቸዋለሁ። ደብዳቤውን ነገ ርዕሰ መምህሩ ጋ አስገባለሁ። የቀረኝ የምሳ ነገር ነው። ሁሉም ምሳ ዕቃ ይዘው ነው የሚመጡት። ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ መብላት ይፈቀዳል ወይስ መኪና ውስጥ ይብሉ? በቅርቡ ልጆች ይዞ የሄደ ካለ ይንገረኝ።