«እትብት ብቻ»? ጅማና የጃዝ ታሪክ

የሂርማታ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ወንድማችን «ጅማ ላይ ያለው የኢትዮ-ጃዝ አባት የሙላቱ አስታጥቄ እትብት ብቻ ነው፤ የጃዝ ጥናቱም መድረኩም ለአዲስ አበባ ይተው» ብሎ ጻፈ። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። በ1936 ዓ.ም. እዚህ ተወልዶ፣ አሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገብቶ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የሆነ ሰው ለከተማው ይህን ያህል ባዳ ነው?

አዌቱ ማዶ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላጠፋውም። ገና በወጣትነቱ ነው የሄደው፤ ዌልስ፣ ለንደን፣ ቦስተን። የመጀመሪያ ሸክላዎቹን በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኒውዮርክ ነው። ሸክላ አሳታሚው አምኃ ሬከርድስ አዲስ አበባ፣ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አዲስ አበባ፣ አሜሪካዊው የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን በ1973 እ.ኤ.አ. የመጣው አዲስ አበባ። እኛ ቡናው አለን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለን። የሰው ታሪክ አንሻማ።

የጅሬኗ፦ እኔን ያናደደችኝ «ብቻ» የምትለዋ ናት። እናቴ የእኔን እትብት የቀበረችበት ጓሮ ላይ ብርቱካን ተክላለች፤ እስከ ዛሬ «ያንቺ ዛፍ» ነው የሚባለው። እትብት ብቻ ተብሎ አያውቅም በእኛ ቤት።

አዌቱ ማዶ፦ እህቴ፣ ዛፍ ሌላ ታሪክ ሌላ። ጥናት ማስረጃ ይፈልጋል። እስቲ ጅማ ላይ ማን ተጫወተ? የት ቤት? ምን መሣሪያ ይዞ?

ቦሳ ቂጦ፦ መልሱ አልጋ ሥር ነው ያለው፣ ወንድሜ። አባቴ በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ሳጥኑ አሁንም እቤት አለ። የቁልፎቹ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ መንፊያው በነጠላ ቁራጭ እንደተጠቀለለ ነው። ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የማታውን ተራ ጽፎበታል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ፣ ከአንቺሆዬ ጎን «ቀስ ብሎ» ይላል። ለማን እንደጻፈው አላውቅም። ካረፈ 6 ዓመቱ። በሕይወት ሳለ መቅጃ ይዞ በራችንን ያንኳኳ አንድም ሰው አልነበረም።

የሂርማታ ልጅ፦ ነፍስ ይማር። እኔ የምለው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ አዛውንቶቹ ይቀረጹ፣ ከዚያ ልጆቹ ያንኑ መድረክ ላይ ይጫወቱት። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስ የነፋው ፉከራውን በጆሮው ስለያዘ ነው። ሙላቱም በደቡብ ያሉትን የደራሼን ዋሽንት ነፊዎች ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። ጥናቱና ጨዋታው መቼ ተለያዩ?

አዌቱ ማዶ፦ ደራሼን ካነሳህማ ጨረስክልኝ። የራሳችን የጅማ ኦሮሞ አዛውንቶች ዜማ በወጉ ሳይቀረጽ ጃዝን ማን አስቀደመው?

የጅሬኗ፦ ማን አስቀደመው? ወረፋውን ያመጣኸው አንተ! አያቴ ስትዘፍን የቀዳሁበት ስልክ የቦሳ ቂጦን አባትም ይቀዳ ነበር። ደግሞ «ለአዲስ አበባ ይተው» ያልከውን አልረሳሁም። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እዚያው የነበረው የጃዝ ቤት ጃዝአምባም አብሮ ነደደ። ሁሉን አንድ ቦታ አከማችቶ እንዲህ ነው።

አዌቱ ማዶ፦ እና ጃዝአምባ ስለተቃጠለ ጅማ የጃዝ ከተማ ሆነች?

የጅሬኗ፦ የጃዝ ከተማ ናት ያለህ የለም! «ብቻ»ን አንሳ ነው ያልንህ።

የሂርማታ ልጅ፦ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያነሳኸው አንተ ነህ። እሱንስ ጅሬን ላይ ያቆየው ጠባቂ ስላለው አይደል? ለሙዚቃው ሲሆን ነው እንዴ ለሌላ የሚተወው?

አዌቱ ማዶ፦ ቤተ መንግሥቱ ቆሞ ይታያል። የእናንተው ወሬ ነው።

ቦሳ ቂጦ፦ የአባቴ ሳጥን ወሬ አይደለም። እሁድ አውጥቼ ፎቶ አነሳዋለሁ።

አዌቱ ማዶ፦ ይቅርታ፣ አባትህን ማለቴ አይደለም። የክዳኑን ጽሑፍ አስቀድመህ አንሳ፣ እርሳስ ይለቃል። እትብት ያልኩትን ግን አላነሳም።

የጅሬኗ፦ እኔም አልለቅህም።