የእህቴ ልጅ ሁለት አውራ ጣት ይዞ ተወለደ፤ የእናቱ ጥፋት ነው?

የአራት ኪሎው
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ወለደች። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ቀኝ እጁ ላይ ግን አውራ ጣቱ ሁለት ነው። ገንፎ ሊቀምሱ የመጡ ጎረቤት "እርጉዝ ሆነሽ ምን ነክተሽ ነው?" አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን በነጠላ ሸፍና ነው የምታጠባው። ሟቹ አባታችንም አውራ ጣታቸው ላይ ቅጥያ ነበረቻቸው። ጣት እንዴት እንደሚበቅል በአይጥ ፅንስ ላይ ተጠንቷል ሲባል ሰማሁ። የሚያውቅ ያስረዳኝ፣ ልነግራት ነው።

ባዮሎጂ ተማሪ፣ አራት ኪሎ ካምፓስ
እንኳን ማርያም ማረቻት! የአይጥ ፅንስ 9 ቀን ተኩል አካባቢ ሲሆነው ጎኑ ላይ የፊት እግር ቡቃያ ይወጣል። ቲቢኤክስ5 የሚባለው ጂን (ጂን ማለት በዘር የሚወረስ የሰውነት መመሪያ ነው) ከሌለ ቡቃያው ጭራሽ አይበቅልም። ቀጥሎ በትንሿ ጣት በኩል ብቻ ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል ጂን ይበራል። የጣቶቹን ቁጥርና ዓይነት የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነው።

እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ የዚህ ጂን ማብሪያ ነው። አጠገቡ አይደለም ያለው! በሰው 1 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ርቆ፣ ሌላ ጂን ውስጥ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የታወቀው። እዚያ ላይ አንዲት ፊደል ስትቀየር ጂኑ በአውራ ጣት በኩልም ይበራል፤ ትርፍ ጣት ይወጣል። በአይጥም በሰውም ታይቷል። ማብሪያውን ከአይጥ ሲያወጡት ደግሞ እግሮቹ አጥረው ይቀራሉ፣ ጣቶቹም ይጠፋሉ።

የልጁ ምክንያት ይኸው ነው አልልም፣ ሌሎችም አሉ። የአባታችሁ ጣት ግን በዘር የመጣ እንደሆነ ያስጠረጥራል። ደግሞ የሰው እጅ ቡቃያ የሚታየው ፅንሱ በ4ኛ ሳምንቱ ነው። ያኔ ብዙ እናት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ምን ነክታ ትሆናለች?

የሁለት ልጆች እናት
ወንድሜ፣ አደራ፣ ማንም ትርፉን ጣት በክር እንዳያስርላት። የእኔን ልጅ አማቴ ሊያስሩት ሲሉ ነው የደረስኩት። በአውራ ጣት በኩል የሚወጣው ብዙ ጊዜ አጥንት አለው። ሐኪም ይየው፣ ራጅ ይነሳ። ለእኔ ልጅ ዓመት ሲሞላው ነው የሠሩለት፤ ዛሬ እርሳስ ይዞ ይጽፋል።

የአራት ኪሎው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ሄጄ አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለ 4ኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ነጠላውን ገልጣ ጣቱን ያዘችና "የአባባ ነው" አለች። ሰኞ ሐኪም ጋ እንወስደዋለን።