እናቴ ስልክ ማንሳት አቃታት፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ለዓመታት ባለቁልፍ ስልክ ነበር የምትይዘው፣ ሳታየው ነበር የምትደውልበት። በቅርቡ አንድሮይድ ገዛሁላት። ይጠራል፣ አረንጓዴዋን ክብ ትነካለች፣ ዝም። ደግማ ትነካለች፣ አሁንም ዝም። ለካ መንካት ሳይሆን ወደ ላይ መጎተት ነበረባት! እስክነግራት ጥሪው ተቋረጠ። "እኔ ነኝ ደንቆሮዋ፣ የድሮዬን መልስልኝ" አለችኝና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታው ተነሳች። አንጀቴን በላችው። ምን ላስተካክልላት?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ንገራት። እኔ የአፕ ዲዛይን ነው የምሠራው። ክብና አረንጓዴ የሆነ ነገር ቁልፍ ይመስላል፣ ቁልፍ የሚመስለውን ደግሞ ሰው ይጫነዋል። መጎተቱ የመጣው ኪስ ውስጥ እያለ በስህተት እንዳይነሳ ነው፣ እሱ ይገባኛል፤ ግን አዲስ ሰው ይህን በምን ይወቅ?

መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው። አፕል የሚነካ ነገር ሁሉ ቢያንስ 44 በ44 ፖይንት ይሁን ይላል፣ ጉግል ደግሞ 48 በ48 ዲፒ (ሁለቱም የስክሪን መለኪያ ናቸው)፣ የጉግሉ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ፖል ፊትስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ገና በ1954 እ.ኤ.አ. ዒላማው ባነሰና በራቀ ቁጥር እጅ እሱ ላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ እንደሚፈጅበት አሳይቷል። ይህ ሁሉ እየታወቀ ጥግ ላይ የምትደበቅ ጤፍ የምታክል የመዝጊያ ምልክት አሁንም ይሠራሉ፣ በጣም ያናድደኛል።

መልስ 2፦
ሴቲንግ ውስጥ "ተደራሽነት" የሚለውን ክፈተው። ተጭኖ የመያዣውን ጊዜ አስረዝመው፤ ትልልቅ ሰዎች ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ስልኩ ደግሞ ተጭነው የያዙ ይመስለውና ያልፈለጉትን ሜኑ ያመጣባቸዋል። ከስክሪኑ ግርጌ ሦስቱን ቁልፎች (ወደ ኋላ መመለሻ፣ ወደ መነሻ ገጽ መሄጃና የተከፈቱትን አፖች ማሳያ) መልስላት፣ በመጎተት ብቻ እንዳትቸገር። ፊደሉን አተልቅላት፣ ግን ካተለቅከው በኋላ ቃላቱ እንዳልተቆረጡ እያንዳንዱን አፕ ከፍተህ እይ። አንዳንድ ስልክ ላይ ደግሞ ጥሪ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ማንሳት ይቻላል። ካለው እሱን አብራላት።

መልስ 3፦
"ሳታየው ትደውልበት ነበር" ያልከው ነገር ትዝታ ቀሰቀሰብኝ። ባለቁልፍ ስልክ ላይ 5 ቁጥር ላይ አንዲት ትንሽ እብጠት አለች። አውራ ጣት እሷን ካገኘ የቀሩትን ከእሷ ተነስቶ ያገኛል። ማየት የተሳናቸውም የሚደውሉት በእሷ ነው። መስታወት ላይ ግን ለጣት መነሻ የለም። እናትህ ያጣችው እሱን ነው። መልስ 2 ያለውን የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ ሞክርላት።

መልስ 4፦
አባቴ ስልኩን የማይነካው እንዳያበላሸው ፈርቶ ነበር። አንድ ቀን ራሱ ፎቶ እንዲያጠፋ አደረግኩት፣ ከዚያ ከመጣያው እንዲመልሰው። አይፎን ላይ የጠፋ ፎቶ እስከ 30 ቀን ይቆያል። ከዚያ ወዲህ አይፈራም። "እርግጠኛ ነህ?" እያለ ከሚያስጨንቅ ጥፋትን የሚመልስ ስልክ ይሻላል፤ ጥያቄውንማ ማንም ሳያነብ ነው እሺ የሚለው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስልኳ ላይ በድምፅ መጨመሪያው ማንሳት አለ! አበራሁላትና ሌላ ክፍል ገብቼ ደወልኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አየኋት፦ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፣ ጣቷ የስልኩን ጎን ዳበስ ዳበስ አደረገና ቁልፉን አገኘው። "አቤት" አለችኝ። ሦስቴ አስደወለችኝ። አሁን ደግሞ "መዝጊያውስ?" እያለችኝ ነው።

መልስ 2፦
እዚያው ተደራሽነት ውስጥ በማብሪያ ማጥፊያው ቁልፍ ጥሪ እንዲዘጋ የሚያደርግ አለ። አብራላት።