ልጄ ዊካን ተቀብያለሁ አለችኝ፤ እንዴት ላናግራት?

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ባለፈው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት የ19 ዓመት ልጄን ግቢያችን ውስጥ አገኘኋት። ሻማ አብርታ፣ በአንዱ የቡና ሲኒ ጨው፣ በሌላው ውኃ አድርጋ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ስጠይቃት ዊካ የሚባል እምነት መያዟን ነገረችኝ። ትርጉሙን ስፈልግ «ጥንቆላ» የሚል አገኘሁና ጉልበቴ ከዳኝ። እኛ ዘንድ ጠንቋይ ማለት መተት የሚያሠራ፣ የሰው ቤት የሚያፈርስ ነውና።

ከመቆጣቴ በፊት ማንበብ ጀመርኩ። ዊካን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ ያስተዋወቀው ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ሰው ነው። ተከታዮቹ ተፈጥሮን ያከብራሉ፤ ብዙዎቹ አንዲት ሴት አምላክና አንድ ወንድ አምላክ አላቸው፤ ከፀሐይ ዑደት ጋር የሚሄዱ 8 በዓላት በዓመት ያከብራሉ። ሰይጣንን አያመልኩም፤ ማንንም አለመጉዳት ትልቁ መመሪያቸው ነው። አንገቷ ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብም የእምነቱ ምልክት እንጂ እኔ የፈራሁት አይደለም።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እምነቷን መቀበል አልችልም። ልጄን ማጣት ግን ከዚያ ይብስብኛል። አባቷ ገና አልሰማም፤ ጎረቤት ቢሰማ ደግሞ «ጠንቋይ» የሚል ስም ይለጥፍባታል።

ፍልሰታ ሲገባ ጹሚ ልበላት ወይስ ልተዋት? ለነፍስ አባታችን ልንገር ወይስ አስቀድሜ እሷን ላስፈቅድ? ለአባቷስ ማን ይንገረው፣ እኔ ወይስ እሷ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወላጆች፣ የመጀመሪያውን ንግግር እንዴት እንደጀመራችሁት እባካችሁ ንገሩኝ።