በጅማ ለሚሠራ የመንግሥት ሕንፃ የአፈር ምርመራ ቢጋር ምን ይጠይቅ?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን በቦዬ አቅጣጫ በተሰጠው ቦታ ላይ ጂ ፕላስ 3 የአገልግሎት መስጫ ሕንፃ ለመገንባት በዝግጅት ላይ ይገኛል። የቦታው የላይኛው ክፍል ቀይ አፈር ሲሆን ወደ ቦዬ ረግረግ እየተጠጋ ሲሄድ ጥቁር መረሬ (ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር) ይሆናል። የቀረበልን ረቂቅ ቢጋር (የሚሠራውን ሥራ የሚዘረዝር ሰነድ) የሚጠይቀው ሁለት ጉድጓድ በማሽን እንዲቆፈርና የአፈሩ የመሸከም አቅም እንዲገለጽ ብቻ ነው። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ምን ብናስተካክል ይሻላል? ቁፋሮውስ በበጋ ይሁን ወይስ የውኃው ከፍታ እንዲታወቅ ክረምቱን እንጠብቅ?

ጂረን (የመሠረት መሐንዲስ)፦
ከሁሉ አስቀድሞ የሁለቱን አፈር ወሰን እወቁ። ሕንፃው ከፊሉ በቀዩ፣ ከፊሉ በመረሬው ላይ ካረፈ ሁለቱ ወገኖች በእኩል መጠን ስለማይንቀሳቀሱ ግድግዳው በወሰኑ ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። ስለዚህ አርክቴክቱ የሕንፃውን አቀማመጥ ከመወሰኑ በፊት ከላይ ወደ ታች በመስመር ጥቂት የመፈተሻ ጉድጓዶችን በሰው ኃይል ወይም በኤክስካቫተር አስቆፍሩ። ወጪው ከማሽን ቁፋሮ ጋር አይወዳደርም፤ ሕንፃውን ጥቂት ሜትሮች ወደ ቀዩ ማዛወር ከተቻለም የመሠረቱ ሥራ እጅግ ይቀልላል።

የረቂቁ ትልቁ ጉድለት ግን የጉድጓዱ ቁጥር አይመስለኝም። መረሬ በበጋ ደርቆ ስለሚጠነክር፣ 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የኤስፒቲ (የአፈርን ጥንካሬ በምት ብዛት የሚለካ የመስክ ሙከራ) መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ የሚሰጠው የምት ቁጥር የላይኛውን አፈር ጠንካራ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ዝናብ ሲገባ የሚያብጠውም ያው አፈር ነው። በመሆኑም የአተርበርግ ሊሚት (አፈሩ በምን ያህል እርጥበት እንደሚለሰልስ የሚያሳይ)፣ የፍሪ ስዌል (ያለ ጭነት ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚያሳይ) እና ካልተረበሸ (የተፈጥሮ ይዘቱን ከጠበቀ) ናሙና ላይ የሚለካ የእብጠት ግፊት ምርመራ በቢጋሩ በስም ይጠቀሱ። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ እብጠቱ ይበልጥ የሚጎዳው ቀላል ጭነት ያለበትን ክፍል መሆኑን ነው፤ ዋናው ሕንፃ በክብደቱ ሲቋቋመው አጥሩ፣ የጥበቃ ቤቱና የምድር ወለሉ ስላብ ይሰነጠቃሉ።

ለቀዩ አፈር አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እንዲህ ያለው አፈር በምድጃ ከደረቀ በኋላ ሲመረመር ደቃቅ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ፕላስቲሲቲው (እንደ ሊጥ የመለሰለስ ባሕርዩ) ከእውነቱ ያነሰ ሊታይ ስለሚችል፣ ናሙናው በተፈጥሮ እርጥበቱ እንዲመረመር ጠይቁ።

ስለ ጥልቀት፣ የዩሮኮድ 7 (የአውሮፓ የመሠረትና የአፈር ሥራ ዲዛይን ደረጃ) ክፍል 2 አባሪ ለፉቲንግ (ከዓምድ ሥር ለሚያርፍ የመሠረት ንጣፍ) የሚያመለክተው ከመሠረቱ ግርጌ በታች ቢያንስ 6 ሜትር ወይም የፉቲንጉን አጭር ጎን 3 እጥፍ ሲሆን ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል፤ በጉድጓዶች መካከል የሚኖረው ርቀትም ከ15 እስከ 40 ሜትር ነው። አፈሩ በሚለዋወጥበት እንደ እናንተ ባለ ቦታ ወደ ትንሹ ርቀት መጠጋት ይገባል።

የጨረታ ባለሙያ፦
በጂረን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የክፍያው አደረጃጀት ካልተስተካከለ ጥሩ ቢጋርም ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ዋጋው በጥቅል ከተሰጠ ቆፋሪው ቶሎ ቢያቆም ይጠቀማል፤ ስለዚህ የአፈር ቁፋሮ በሜትር፣ የዐለት ቁፋሮ ለብቻው በሜትር፣ እያንዳንዱ የላቦራቶሪ ምርመራ ደግሞ በቁጥር ይከፈል። የመሥሪያ ቤቱ ወይም የአማካሪው ባለሙያ ቁፋሮው በሚካሄድበት ሰዓት ሁሉ ሳይት ላይ ይገኝ፤ ሪፖርት ብቻ የሚያነብ ተቆጣጣሪ የትኛው ናሙና ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ ማረጋገጫ የለውም።

ወቅቱን በተመለከተ ክረምት መጠበቅን አልደግፍም። በጅማ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ መቆፈሪያ ማሽን የጫነ መኪና መረሬው ላይ ይሰጥማል። በበጋ ቆፍራችሁ በታችኛው ጉድጓድ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ አስቀሩ፤ የውኃውን ከፍታ በየጊዜው እስከ መስከረም መለካት የጥበቃ ሠራተኛ እንኳ የሚችለው ሥራ ነው። የመሠረቱ ዲዛይን የመጨረሻ ማረጋገጫ ግን ይህን ልኬት ይጠብቅ።

ጠያቂ (ጅማ)፦
እጅግ አመሰግናለሁ። በጀቱ ሁሉንም የማይችል ከሆነ ከየትኛው እንቀንስ?

ጂረን (የመሠረት መሐንዲስ)፦
ሕንፃው ሙሉ በሙሉ በቀዩ ላይ የሚያርፍ ከሆነ በዚያ በኩል ካሉት የማሽን ጉድጓዶች አንዱን በመፈተሻ ጉድጓድ መተካት ይቻላል። ከመረሬው የላቦራቶሪ ምርመራ ግን ምንም አትቀንሱ፤ አጥሩ በዚያ ማለፉ ስለማይቀር በአጥሩ መስመር ላይም ቢያንስ አንድ የመፈተሻ ጉድጓድ ጨምሩ።