እርዱኝ፣ ፓይተኔ ጥቅምት 29 ላይ ይሞታል

ጀማሪዋ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እባካችሁ ቶሎ! ሪፖርቱ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይፈለጋል። የምሠራው መጋዘን ነው፤ ደንበኛ ዕቃው ባደረበት ቀን ልክ ይከፍላል። ድሮ በጣቴና በግድግዳው ካላንደር ነበር የምቆጥረው። ፓይተን (የኮድ መጻፊያ ቋንቋ) ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው፣ ለዚሁ ብዬ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። ከኤክሴሉ የገባበትንና የወጣበትን ቀን አንብቦ ይቀንሳል። እስከ ጥቅምት 28 ቀጥ ብሎ ሠራ። 29 ላይ ቀይ በቀይ ሆኖ ቆመ። ኤክሴሉ ተበላሽቶ ይሆን?

የጦሳ ልጅ፦
ፓይተኑን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው። የኔም እንደዛ ብሎ ነበር።

ሸዋ በር፦
ቀዩ ምን ይላል? ኤረሩን ሳታሳዪ ምን እንላለን እህቴ? ኮዱንም አምጪ።

አባ ቆጥብ፦
ትራይ ኤክሴፕት አስገቢበት፣ ኤረር ሲመጣ ያልፈዋል።

ጋሼ መዝገብ፦
ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። በካርድና በእርሳስ ነበር፤ አንድ ቀን አልተሳሳትኩም። የዛሬ ልጆች መደመር ሳትችሉ ማሽን ታዛላችሁ። መጀመሪያ በእጅሽ ሥሪው፣ ከዚያ ማሽኑን እመኚ።

ጀማሪዋ፦
እሺ ጋሼ፣ ግን 214 መስመር ነው 😭 ኤረሩ «ዴይ ኢዝ አውት ኦፍ ሬንጅ ፎር መንዝ» (ቀኑ በወሩ ውስጥ የለም) ይላል። ቀኑን በዴትታይም፣ በፓይተኑ የቀን መሣሪያ ነው የማነበው። አጻጻፉ 29/02/2018 ነው፣ ኤክሴሉ ላይ ሁሉም ቴክስት ነው።

የጦሳ ልጅ፦
እንደገና ጫኚው አልኩሽ እኮ።

ባቲ ሰኞ፦
ለአንድ ቀን ፓይተን ከሚጫን ግመል ይጫናል 😂

አባ ቆጥብ፦
ትራይ ኤክሴፕት!

ሸዋ በር፦
አባ ቆጥብ ተው እንጂ። መስመሩን ዝም ብሎ ይዘለዋል። የሰውየው ሂሳብ ሲጠፋ አንተ ልትከፍልላት ነው?
አብሽሪ፣ ኤክሴሉም ፓይተኑም ደህና ናቸው። ዴትታይም የሚያውቀው የፈረንጅ ካላንደር ብቻ ነው። 02 ስትዪው ጥቅምት አይመስለውም፣ ፌብሩዋሪ ነው የሚለው። የ2018 ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ላይ ያልቃል። ጳጉሜንማ ብትሰጪው 13ኛ ወር ብሎ ነገር የለም ይልሻል።
የሚያስፈራው ግን የቆመው አይደለም፣ ያለፈው ነው። ነሐሴ 25/2017 ገብቶ መስከረም 10/2018 የወጣ ዕቃ ስንት ቀን አለሽ?

ጀማሪዋ፦
16።

ሸዋ በር፦
በጣትሽ ቁጠሪው። ከነሐሴ 5፣ ጳጉሜን 5፣ ከመስከረም 10። 20 ነው። አራት ቀን በነፃ አሳደርሽለት።

ጀማሪዋ፦
ኧረ በአላህ! ያለፈውን ሪፖርት እኮ አስገብቻለሁ!

ጋሼ መዝገብ፦
አላልኩም?

ሐይቅ ዳር፦
ለምን በፈረንጅ ቀን አትጽፉም? ችግሩ ከሥሩ ይነቀል።

ሸዋ በር፦
መዝጋቢው የሚጽፈው በኛ ነው፣ ደረሰኙም በኛ ነው። ሰው ከሚቀየር ኮዱ ይቀየር። ደግሞ የኛ ካላንደር ለስሌት ይቀላል፤ 12ቱም ወር እኩል 30 ነው። ዴትታይሙን አውጪው። ቀኑን በ / ስፕሊት አድርጊ (ከፋፍዪው)፣ ሦስቱንም ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ቀይሪ፣ ከዚያ፦

ጠቅላላ = 365*ዓመት + ዓመት//4 + 30*ወር + ቀን

ለገባበት አንድ፣ ለወጣበት አንድ አስልተሽ ቀንሺ። //4 (ለ4 አካፍሎ ቀሪውን መጣል ነው) ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት ይይዝልሻል። ፓይተን 3 በአማርኛ የተጻፈ ስም ይቀበላል፣ እንዳለ ኮፒ አድርጊው። መጀመሪያ በዚያች በ20ዋ ሞክሪው።

ባቲ ሰኞ፦
ዓመት በአራት ሲካፈል ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ ነው በሉኛ። አያቴ ቡና እየቆላች የምትቆጥረውን በኮድ አመጣችሁት 😂

ጀማሪዋ፦
20 አለ!! 214ቱንም ጨረሰ! ወንድሜ ዕድሜ ይስጥህ። ግን ሦስት መስመር ኔጋቲቭ ወጣ። አንዱ -345 ይላል። ነሐሴ 25 ገብቶ መስከረም 10 የወጣ ነው።

ሸዋ በር፦
የወጣበት ዓመት ስንት ተብሎ ተጻፈ? 2017 ከሆነ ኮዱ አልተሳሳተም። መዝጋቢሽ ናቸው መስከረም ላይ አዲሱን ዓመት የረሱት። ዝም ብለሽ እንዳታስተካክዪው፣ ደረሰኙን አይተሽ ነው።

ጋሼ መዝገብ፦
እኔ ግን እንዲህ ረስቼ አላውቅም።

ሸዋ በር፦
ጀማሪዋ፣ ደረሰኙ ምን አለ?

ባቲ ሰኞ፦
ኮምቦልቻ መብራት ሄዷል መሰለኝ።