ዲኮር ይሠሩ የነበሩት አጎቴ የተዉትን ንድፍና ሞዴል ምን ላድርገው?

የጉለሌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ ምክር ስጡኝ። አጎቴ አዲስ አበባ ባለ አንድ ቲያትር ቤት ዕድሜ ልካቸውን ዲኮር፣ ማለትም መድረክ ላይ የሚቆመውን ግድግዳና ገጽታ፣ ሲሠሩ ኖረው ባለፈው ዓመት አረፉ። ቤታቸው ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ ወረቀት አለ። የተጠቀለሉ ትልልቅ የመድረክ ንድፎች፣ በካርቶን የተሠሩ ትንንሽ የመድረክ ሞዴሎች፣ ቀለም የተሞከረባቸው አቡጀዲዎች፣ ልኬትና ሒሳብ የተጻፈባቸው ደብተሮች፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች። ግማሹ ላይ የቲያትሩ ስም አልተጻፈም። ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ በቅርቡ ለቀን ኮንዶሚኒየም ነው የምንገባው። ዘመዶቼ «ፎቶዎቹን ያዢና ሌላውን ጣዪው» ይሉኛል። እኔ ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ስጠይቅ «ድርሰት ከሆነ እንቀበላለን፣ ይህን የት እናስቀምጠዋለን?» አሉኝ። የተዋናዩ ፎቶ በየቦታው አለ፣ የደራሲው ጽሑፍ ታትሟል። እሳቸው የሠሩት ቤተ መንግሥት፣ ጠጅ ቤት፣ እስር ቤት ግን ቲያትሩ ሲያበቃ አብሮ ፈርሷል። የቀረው ይህ ወረቀት ነው። ምን ላድርግ?

ወረቀት ወዳጅ፦
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እባክሽ ምንም አትጣዪ። ሥራዬ መዛግብት ማደራጀት ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

ምንም ነገር ከቦታው ሳታነሺ ክፍሉን እንዳለ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የትኛው ጥቅል ከየትኛው ደብተር አጠገብ እንደነበር ማወቅ በኋላ ስም የሌለውን ንድፍ ለመለየት በጣም ይረዳል። ስታሽጊም እሳቸው አንድ ላይ ያስቀመጡትን አትለያዪ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፊ፣ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገውና ይበላዋል። ላሚኔት ማስደረግ የሚባለውንም እርሺው። ከጀርባው የምትጽፊው ነገር ካለ በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ አይሁን። የድሮ ብሉ ፕሪንት (በሰማያዊ ወረቀት ላይ በነጭ መስመር የተባዛ ንድፍ) ካገኘሽ ለብቻው አስቀምጪው፣ በብርሃን ይደበዝዛል፣ አጠገቡ ያለውንም ወረቀት ሊያበላሽ ይችላል። ሳጥኖቹን መሬት ላይ አታኑሪ። እርጥበትና አይጥ ከሁሉ የከፉ ጠላቶች ናቸው።

ሞዴሎቹ ናቸው የሚያስፈሩኝ። ካርቶንና ሙጫ ዕድሜው አጭር ነው፣ መኪና ላይ ሲጫንም ይሰባበራል። ስለዚህ ከማንቀሳቀስሽ በፊት እያንዳንዱን ከፊት ለፊት ተመልካቹ በሚያይበት ከፍታ፣ ከላይ፣ ከሁለቱም ጎን አንሺው፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጊ። ንድፉ ላይ 1፡25 ወይም 1፡50 የሚል የመጠን ልኬት (ስኬል) ካለ እሱን መዝግቢ። ከዚያ ማንም የሚያውቅ ሰው መድረኩን መልሶ ሊሠራው ይችላል።

ቴክ ልጅ፦
ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሁሉንም ስካን አድርጊና ቴሌግራም ላይ ልቀቂው፣ አለቀ። ሰው ያየዋል፣ ወረቀቱም ቦታ አይይዝም።

ወረቀት ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ስካኑን እኔም እደግፋለሁ፣ ግን ዋናውን አይተካም። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ነው የሚልከው፣ በደቃቅ የተጻፈው ልኬት ይጠፋል። የስካኑ ጥራት ቢያንስ 300 ዲፒአይ ይሁን፣ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። የቀለም ሙከራው ደግሞ በስክሪን ላይ ሌላ መልክ ነው ያለው።

የመድረክ ጀርባ ሰው፦
ልጄ፣ አጎትሽን ነፍስ ይማርልን። እኔም ብዙ ዓመት መጋረጃ ስቤያለሁ፣ ዲኮር ተሸክሜያለሁ። ስለ ሥራው ትንሽ ልንገርሽ፣ ወረቀቱን ስታዪ ይገባሻል።

አዲስ አበባ ያሉ ቲያትር ቤቶች በሳምንቱ የተለያየ ቀን የተለያየ ቲያትር ነው የሚያሳዩት። መድረኩ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ዲኮሩ በሰዓታት ውስጥ ቆሞ፣ ትርኢቱ ሲያልቅ ወርዶ፣ ለሚቀጥለው ቲያትር ቦታ መልቀቅ አለበት፣ ይህም ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት በየሳምንቱ ይደጋገማል። ዲኮር የሚሠራ ሰው ያማረ ግድግዳ መሳል ብቻ አይደለም ሥራው፣ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ በጨለማ የሚገጠም ግድግዳ መፍጠር ነው። ደብተሩ ላይ ቁጥርና ቀስት ካየሽ የትኛው ፍሬም ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የተጻፈበት ይሆናል። ለኔ ከሥዕሉ ይልቅ ትልቁ ጥበብ እዚያ ነው ያለው። ዘመዶችሽ ጣዪው የሚሉሽ ደብተር ማለቴ ነው።

ዲኮሩ ራሱ ለምን እንደማይገኝም ልንገርሽ። የእንጨት ፍሬም ላይ አቡጀዲ ተወጥሮ ይቀባል። ቲያትሩ ሲያልቅ እንጨቱም አቡጀዲውም ውድ ስለሆነ በላዩ ሌላ ይቀባበታል። አንዱን ግድግዳ ብትፍቂው ከሥሩ የሦስት አራት ቲያትር ቀለም ይወጣል። ደግሞም ንድፉ ላይ ያለው ሁሉ መድረክ ላይ አልወጣም። እንጨት ያጥራል፣ አዘጋጁ በልምምድ ጊዜ በሩን ወዲህ አዙረው ይላል። ስለዚህ ወረቀቱን ይዘሽ ሰዎቹን ፈልጊ። አናጺዎቹን፣ መብራት የሚሠሩትን፣ ልብስ ክፍል የነበሩትን። ፎቶውን አሳዪና ድምፃቸውን ቅጂ። «ጥሩ ነበር ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ተዋናዩ በየትኛው በር ገባ፣ ትዕይንቱ ሲቀየር ማን ምን አነሳ ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቻችን አርጅተናል። ከወረቀቱ ይልቅ የሚያስቸኩለው ይህ ነው።

ሞስኮ የተማርኩ፦
ጋሼ ያሉት እውነት ነው። እኔ በተማሪነቴ ሞስኮ ባክሩሺን የሚባለውን የቲያትር ሙዚየም አይቻለሁ። የዲኮር ንድፍ፣ ሞዴል፣ አልባሳት፣ ፖስተር የሞላበት ቤት ነው። የጀመረው መንግሥት አይደለም። አንድ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1894 በራሱ ቤት ነው የጀመረው፣ በ1913 ለሳይንስ አካዳሚው አስረከበ። ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የቲያትር ስብስብም እንዲሁ ነው፣ ጋብሪኤል ኤንትሆቨን የምትባል ሴት ለዓመታት የሰበሰበችውን በ1924 ስትሰጥ ነው መሠረቱ የተጣለው።

ስዊድን ውስጥ ድሮትኒንግሆልም የሚባል እ.ኤ.አ. በ1766 የተሠራ የቤተ መንግሥት ቲያትር አለ። ከ1792 በኋላ ከሞላ ጎደል ተረሳ። በ1921 አንድ ተመራማሪ ሥዕል ሊፈልግ ገብቶ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ዲኮሮችና የሚንቀሳቀሱበትን የእንጨት ማሽን እንዳሉ አገኘ። ማሽኑ ዛሬም ይሠራል። እኛ አገር የተረሳ ነገር እንዲህ አይጠብቅም፣ ይፈርሳል ወይም ይቀባበታል። በእኛ አቆጣጠር ሀገር ፍቅር ከ1927፣ ብሔራዊ ቲያትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዲኮር እንደቆመና እንደወረደ አስቢው። እኔ እስከማውቀው አንድም ቋሚ ማሳያ ክፍል ሳይኖረው የቀረ ሙያ ነው፣ ያናድደኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ትምህርት ክፍልን አነጋግሪ፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን በዚህ ላይ ቢሠሩ ለሁላችሁም ይጠቅማል። ወመዘክርንም (ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱንና ቤተ መጻሕፍቱን) ጠይቂ፣ አንድ ቦታ እምቢ ቢሉሽ ተስፋ አትቁረጪ።

ሕግ አዋቂ ነኝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለማንም ስትሰጪ በዝርዝርና በፊርማ ይሁን። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ሥራ የኢኮኖሚ መብት ሥራውን ያመነጨው ሰው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ነገር ግን በቅጥር ላይ እያለ የሠራው ከሆነ፣ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር፣ መብቱ የአሠሪው ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ከማሳተምሽ ወይም ከመሸጥሽ በፊት የቅጥር ውላቸውን ፈልጊ። በሥራው ላይ ስማቸው እንዲጠራ የማድረግ መብት ግን የሳቸው ነው። የሚረከበው መሥሪያ ቤት በስማቸው መዝግቦ እንዲይዝልሽ አጽፊ።

የጉለሌዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ክፍሉን ፎቶ ማንሳት ጀምሬያለሁ። ጋሼ የመድረክ ጀርባ ሰው፣ ደብተሩ ላይ እውነትም ቁጥርና ቀስት አለ! አንድ ፎቶ አለ፣ ስም የለውም። ሰፊ ደረጃ፣ ከላይ ሰገነት፣ በግራ በኩል የጠጅ ቤት የሚመስል ጠባብ በር። ሊያውቁት ይችላሉ?

የመድረክ ጀርባ ሰው፦
ላኪልኝ ልጄ። ከጀርባው ማኅተም ወይም በእርሳስ የተጻፈ ቀን ካለ እሱንም አንሺው። ደረጃው ወዴት እንደሚዞር ንገሪኝ፣ ሰገነቱ በሁለት ተከፍሎ የሚገጠም ከሆነ መሐሉ ላይ ስንጥቅ ይታያል። እኔ ባላውቀው እንኳ አናጺ የነበረ ጓደኛዬ አለ፣ እሑድ ቤቱ ይዤልሽ እሄዳለሁ።